ቀኙ የተዘጋው ጨዋታ

“እማ፣ እሱ ከሌለ ማን ይጫንልኛል?”

ልጅቷ ይህን ስትጠይቅ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም። እናትየው በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መልስ ግን በየትኛውም እጇ አልነበረም። “ይኖራል እንጂ፣ የት አባቱ ይሄዳል!” አለችና አለፈች። እንዲህ ያለ መልስ ልጅን ዝም ያሰኛል፤ እናትን ግን ዝም አያሰኝም። ጥያቄው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ስንት ዓመት አብሯት ኖረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቷ ቀኝ እጅ ከተወለደች ጀምሮ እንደ ተጨበጠ ነው፤ ጣቶቹ አይዘረጉም። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ አባታቸው ከማረፉ በፊት ያመጣላቸው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጨዋታ ማሽን ነበር። የማሽኑ ጆይስቲክ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ በግራ ይነዳል፣ በቀኝ ይዘለላል፣ ይተኮሳል። ልጅቷ በአንድ እጇ ስትታገል ያየው ታላቅ ወንድሟ አጠገቧ ተቀመጠና ጆይስቲኩን በእሷና በእሱ ጭን መካከል አኖረው። እሷ በግራ እጇ ትነዳለች፣ እሱ በቀኝ እጁ ይጫናል። መጀመሪያ “ዝለል!” እያለች ታዘው ነበር፤ በኋላ ማዘዙም ቀረ። ገደሉ ጋ ስትደርስ እጁ ራሱ ያውቀዋል። እሱ “ሹፌሯ” አላት፣ እሷ “ቀኜ” አለችው። የጎረቤት ልጆች “ሁለት ሆነው አንድ ሰው አይሞሉም!” ብለው ይስቁባቸዋል። ከዚያ ይገጥሟቸዋል፤ ይሸነፋሉ፤ ሳቁም እዚያው ይቀራል።

ዓመታት አለፉ። ቀኜ አድጎ የስልክና የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ተቀጠረ። ሹፌሯ ማተሚያ ቤት ገብታ በኮምፒዩተር ማስታወቂያ ትነድፋለች። እናትየው ቀን ቀን በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ታጥፋለች፣ ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ፊደል ከቆጠረች ዓመት አልሞላትም፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። የአውቶቡሱን ጎን ታነባለች፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ታነባለች። አንድ ጠዋት ልጇ መታጠቢያው በር ላይ ቆሞ፣ “እማ፣ ሳሙናውን አንብበሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ልታጠብ ነው” ብሏታል።

ሴትዮዋ ደመና ሳታይ ጃንጥላ የምትዘረጋ ዓይነት ናት። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የቀኜን አልጋ ሥር ስትጠርግ መጥረጊያው ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ሲነካባት፣ ልቧ ቀድሟት መንገድ ጀመረ። ከሱቁ ሠራተኞች ሁለቱ በዚያው ዓመት ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። እሱም የልጅ ነገር፣ ይከተላቸው ይሆናል። ሻንጣውን ወደ ቦታው ገፋችና ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው አለች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ቀኜ ጠረጴዛው ላይ የጫማ ካርቶን አስቀምጦ ሲሠራ አገኘችው። ደብተሯን ይዛ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ላጥና ብላ ሳይሆን፣ ጠጋ ብላ ነገሩን ለማሽተት ነው።

“ምንድን ነው እሱ?”

“የኪስ ኮምፒዩተር። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ባለቤቱ ሱቅ ጥሎት የሄደ ነው፤ ቀየርኩለት።”

ዕቃው የመዳፍ ስፋት አለው። መካከሉ ስክሪን ነው፣ ግራና ቀኙ ቁልፍ፣ ከላይ ጠርዙም ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቁልፍ። ቀኜ ከካርቶኑ ውስጥ የድሮዎቹን የጨዋታ ካሴቶች አንድ በአንድ እያወጣ፣ አቧራቸውን እየጠረገ፣ በአንዲት ትንሽ ማንበቢያ ላይ እየሰካ ውስጣቸው ያለውን ወደ ሜሞሪ ይገለብጣል።

“እነዚህ የተሠሩት ለዚያኛው ማሽን አይደለም? ይሄኛው በምን ያውቃቸዋል?”

“አያውቃቸውም። ለዚህ ነው ኢሙሌተር የሚባለውን ፕሮግራም የምጭንበት። እሱ ለጨዋታው ‘እኔ ያ የድሮው ማሽን ነኝ’ ይለዋል፣ ጨዋታው አምኖ ይነሳል።”

“ውሸታም ነዋ!”

“ደግ ውሸታም ነው እማ።”

“ደግ ውሸታም አላውቅም። አንተም እንዳትለምድ!”

ቀና ብሎ አያት። እሷ ደብተሯን የምታነብ መሰለች።

ሥራው ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ጨዋታ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፤ ሰውዬው ሲሮጥ ንብ የነደፈው ይመስላል። ሌላው ጋ ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። መኪናዋ ግድግዳ ትመታለች፣ ግጭቱ የሚሰማው አዙራ መንዳት ከጀመረች በኋላ ነው። ቀኜ ማስተካከያውን እየከፈተ አንዱን ቁጥር ዝቅ፣ አንዱን ከፍ ያደርጋል፣ እንደገና ይሞክራል። ያቺ መኪና ግን እምቢ አለችው።

“ስማቸውን ድሮ እንጠራቸው እንደነበረው ጻፍኩት። እስቲ አንብቢልኝ።”

መነጽሯን አደረገች። “ዘ...ላ...ዩ ሰውዬ። ዘላዩ ሰውዬ! እንቁ...ላል ወር...ዋሪው። ያቺ... መኪና። ያቺ መኪና ብቻ? ስም የላትም?”

“ያቺ ነበር የምንላት። ስሟ እሱ ነው።”

“በስንቱ ተጫውታችሁ ኖሯል!”

“በይ ሞክሪው” ብሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ዘላዩ ሰውዬ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። በግራ አውራ ጣቷ ገፋችው፤ ሄደ። ገደል መጣ። በቀኝ አውራ ጣቷ ተጫነች። ሰውዬው ሳይዘል ገደል ገባ። ደግማ ተጫነች፣ ሌላውንም ተጫነች፣ የቀኙን ሁሉ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ምንም የለም።

“ቀኙ አይሠራም። ተበላሽቶብሃል።”

“አልተበላሸም። ዘግቼው ነው።” የግራ እጇን ያዘና ጣቶቿን አስተካከለላት፤ አውራ ጣቷን መንጃው ላይ፣ አመልካች ጣቷንና መካከለኛውን ከላይ ጠርዙ ላይ። “መዝለያውን እዚህ አመጣሁት። መተኮሻው አጠገቡ ነው። አሁን ሂጂ።”

ሄደች። ገደሉ ጋ በአመልካች ጣቷ ተጫነች። ሰውዬው ዘለለ። ቀኝ እጇ ሥራ ፈትታ ጭኗ ላይ ተቀምጣለች። ይህን አቀማመጥ እናትየው ታውቀዋለች። ልጅቷን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታሳድግ ያየችው እጅ ነው።

“ለእህትህ ነው?”

“ለሷ ነው።”

“አንተስ?”

“እኔ ምን እሠራለሁ? የዘጋሁት እኮ ራሴን ነው” ብሎ ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የልጇን ሳቅ እናት አታጣውም።

በቃ። ሻንጣው አንድ፣ የተዘጋው ቀኝ ሁለት። ልጇ ሊሄድ ነው። ሲሄድ እህቱ “ማን ይጫንልኛል?” እንዳትል ከወዲሁ እያደላደለላት ነው። ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች።

ሰኞ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ከባልደረባዋ ጋር አንሶላ እያጠፉ ነበር። ይህችን ባልደረባዋን ሁሉም ሳቂታ ይሏታል፤ የተቆጣች ቀን እንኳ እየሳቀች ነው የምትቆጣው። አንሶላ በሁለት ሰው ይታጠፋል፤ ጫፍና ጫፍ ይዞ ወጥሮ፣ ተጠጋግቶ ጫፉን ማቀባበል ነው።

“ልጄ ሊሄድብኝ ነው” አለች እናትየው ስትጠጋ።

“ነገረሽ?”

“አልነገረኝም፣ አወቅኩ።”

“አንቺ ደግሞ ያልተነገረሽን ማወቅ ትወጃለሽ! ያዢ ጫፉን።” ሳቂታ ወጠረችና ተጠጋች። “ቢሄድስ? ብታለቅሺ ይቀራል?”

“ሊቀር ይችላል።”

“እሱ ነዋ ክፋቱ። አስለቅሰሽ ካስቀረሽው ሁልጊዜ የምታይው የቀረ ልጅ ነው።”

ሳቂታ ወደ ካውያው ተጠራችና ሄደች። እናትየው እንደ ልማዷ አንሶላውን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሚስማር ወሰደችው። ሚስማሩን ያስመታችው እሷ ናት፤ አንሶላ እንዳይቀድ ጨርቅ ጠምጥማበታለች። አንዱን ጫፍ ለሚስማሩ አስይዛ፣ ወጥራ፣ እየተጠጋች እያጠፈች፣ ለልጇ የምትለውን በሆዷ አጠናች። ሂድ ልጄ፣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። ከዚህ አይረዝምም። ከረዘመ ታለቅሳለች።

ቤት ስትደርስ ሁለቱም ሶፋው ላይ ናቸው። ሹፌሯ የኪስ ኮምፒዩተሩን በግራ እጇ ይዛ ያቺን መኪና ትነዳለች። ቀኜ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አስገብቶ በላዩ ተቀምጦበታል።

“እጅህ ምን ሆነ?”

“እንዳይነካባት ነው። ካልተቀመጥኩበት ራሱ ይሄዳል።”

“ሦስቴ ነጥቆኛል እማ! ተው በይው!”

እናትየው ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊታቸው ቆመች። “በል፣ መቼ ነው የምትሄደው?”

“የት?”

“አትደብቀኝ፣ ሻንጣውን አይቼዋለሁ። እሺ ብዬሃለሁ። ሂድ ልጄ፣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። አለቀ። ከዚህ በላይ አታናግረኝ፣ አለቅሳለሁ።”

ወንድምና እህት ተያዩ። ስክሪኑ ላይ መኪናዋ ግድግዳ መታች። ግጭቱ ቆይቶ ተሰማ።

“እማ” አለች ልጅቷ፣ “የሚሄደው እሱ አይደለም።”

እናትየው ባለችበት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

“ሻንጣው የኔ ነው። ጎማው አልዞር ብሎ እንዲሠራልኝ ሰጥቼው ነው። ሌላ ከተማ ያለ የንድፍ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። ሁለት ዓመት ነው። ልነግርሽ እየፈለግኩ አንቺን ሳይሽ ይጠፋብኛል።”

አንድም ቀን፣ በአንድም ሐሳቧ ውስጥ፣ የምትሄደው ልጅቷ ሆና አታውቅም። ምርቃቷን ለቀኜ ሰጥታ ጨርሳለች። አሁን የቀራት ሥጋቷ ብቻ ነው፤ እሱንም አወረደችው። “ማን ጫማሽን ያስርልሻል?”

“ጫማዬ ማሰሪያ ካጣ ስንት ጊዜው።”

“ፀጉርሽንስ?”

“ተቆረጥኩት እኮ! ‘ምን ነካሽ?’ አልሽኝ። የነካኝ ይሄ ነዋ።”

“ቢያምሽስ? ቁልፍ ውስጥ ረስተሽ በሩ ቢዘጋብሽስ? እሳት ቢነሳስ?”

“ኧረ እማ፣ ገና ሳትገባበት ቤቱን አቃጠልሽባት” አለ ቀኜ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። “ሳቂታ በሌለችበት አንሶላውን እንዴት ነው የምታጥፊው?” አለች። በልጅነቷ ማጠቢያው ክፍል ቅርጫት ላይ ተቀምጣ የዋለች ልጅ ናት፣ ታውቃለች።

“ሚስማር ላይ አስይዤ።”

“ያምራል?”

“ይዘገያል እንጂ እጥፉማ ያው እጥፍ ነው” አለች። ካለችው በኋላ መያዟን አወቀች።

ልጅቷ ጨዋታውን አስነሳች። ያ ሁለት ሰው የሚፈልገው መታጠፊያ መጣ፤ እየነዱ መዝለል፣ እየዘለሉ መታጠፍ ነው። ወደቀች። እንደገና ወደቀች። ቀኜ ከንፈሩን ነክሶ እጁ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። እናትየው የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን የልጅቷን ጣቶች ነበር፤ ሦስት ጣቶች፣ አንዱ ሲገፋ ሁለቱ የሚያደቡ። ጣቶቹ ቆም አሉ፣ ከዚያ አብረው ተንቀሳቀሱ። መኪናዋ አለፈች። ስክሪኑ ላይ ቀኜ በአማርኛ የጻፈው ጥያቄ መጣ።

“እስከዚህ... ያለው... ይቀመጥ?” ስትል እናትየው አነበበች። “እዚህ የደረሽው በስንት መከራ፣ አዎ በይው እንጂ!” ጣቷ ከአፏ ቀድሞ ወደ ስክሪኑ ሄዷል።

“እማ፣ እጅሽ!” አለ ቀኜ።

እናትየው እጇን ሰበሰበችና ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተጫነች።

የሄደችበት ቀን ጠዋት ብርድ ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ ሰው ሻንጣ ይጎትታል፣ ቀኜ የሠራው ጎማም ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። ልጅቷ የኮቷን ዚፕ ለመዝጋት ቆመች። የታችኛውን ጫፍ በተጨበጠው እጇ ሆዷ ላይ ተጭና ያዘች፣ በግራዋ ለማገጣጠም ሞከረች፣ ሳተች። የአውቶቡሱ ሹፌር ሞተር አስነስቷል። እናትየው ሁለት እጆቿን በብብቶቿ ሥር ደብቃ ቆማለች፤ ላያት የበረዳት ትመስላለች። ልጅቷ ሞከረች፣ ሳተች፣ ሞከረች። ዚፑ ገባ፤ እስከ አገጯ ሳበችው።

“መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ” አለች እናትየው። ይህኛውን አላጠናችውም ነበር።

አውቶቡሱ ወጣ። ሹፌሯ ሄደች፤ ቀኜና እናቱ ቀሩ።