ፀሐይ ያልበላው ላስቲክ

«ጋሽ ገብረዮሐንስ፣ እሱን እንዳይነኩት!»

ዓለምጸሃይ ከለቀስተኛው መሃል ተነስታ መሰላሉን ያዘች። ጎረቤቷ ጋሽ ገብረዮሐንስ የድንኳኑን ገመድ ሊያጠብቁ ቆርቆሮው ላይ ወጥተው፣ ጣውላ ላይ በምስማር የተመቱ የላስቲክ ቁራጮችን ሊነቅሉ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«ገመዱን ከለከለኝ እኮ ልጄ። ቁራጭ ላስቲክ ነው።»

«የመድኃኔ ነው። ገመዱን በወዲያኛው ጫፍ ይሰሩት።»

ባሏን መድኃኔን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለች አንዷ። «ምን ታድርግ፣ ሰውየውም አፈር ሲነፋ አይደል የኖረው?» አለች ሌላዋ።

እውነት ነው፣ መድኃኔ አፈር ይነፋ ነበር። የፕላስቲክ ፋብሪካ ቴክኒሻን ነበር። በ1977 ፋብሪካው ለድርቅ ተጎጂዎች የሠራውን የመጠለያ ላስቲክ ሊያይ ወሎ ደርሶ ሲመለስ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

«ፀሐይ በልቶታል» አላት በመጨረሻ። «አራት ወር ሳይሞላው እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። አንዲት እናት ልጇን ልትከልልበት ሳብ ስታደርገው እጇ ላይ ተበተነ። ‹ደህና ነው› ብዬ የፈረምኩበት እኔ ነኝ፣ ዓለም።»

ላስቲኩን ፀሐይ የሚያስችለው ኬሚካል ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ምንዛሪ የለም ተባለ። መድኃኔም እዚሁ ያለውን መሞከር ያዘ። እርድ ቀላቀለ፤ በሁለት ሳምንት ነጣ። ከእንጦጦ ሥር ያመጣውን ቀይ አፈር ግን አጥቦ፣ ቆልቶ፣ እንደ በርበሬ ነፍቶ ሲቀላቅለው ላስቲኩ ፀሐዩን ቻለ። የፋብሪካው ኮሚቴ ግን «ዓመት ሙሉ ፀሐይ ይምታውና እናያለን» አለው፤ እሱም ቀዩንና አፈር ያልገባበትን ቁራጭ ጣውላ ላይ መትቶ የቤቱ ጣሪያ ላይ አሰጣቸው። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ጉበቱ አልጋ ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ወጥታ ላስቲኩን እያጠፈች የምትቆጥርለት ዓለምጸሃይ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የመድኃኔ አለቃ ተክላይ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ናሙናዎቹን ሰው ልኬ አስነሳልዎታለሁ። አጥኚው ከሌለ ኮሚቴው ፋይሉን ይዘጋዋል። የዘንድሮውም ላስቲክ እንደ ድሮው ይመረታል።»

«ዓመቱ መቼ እንደሚሞላ ያውቃሉ ጓድ ተክላይ?»

«አላስታውስም።»

«ዛሬ ነው። ይምጡ።»

«ኧረ ነውር ነው! ሐዘንተኛ ጣሪያ ይወጣል?» አሉ ሴቶቹ። ዓለምጸሃይ መቀነቷን አጥብቃ መሰላሉን ወጣች። አፈር ያልገባበትን ቁራጭ ነቅላ አጠፈችው። በመጀመሪያው እጥፋት ቀጭ አለ። ስባሪውን ተክላይ እግር ሥር ጣለችለት። ከዚያ ቀዩን ነቅላ፣ እያጠፈችና እየዘረጋች ጮክ ብላ ትቆጥር ጀመር።

«ሃምሳ! አልተሰበረም!»

ይህን ብላ ከመኝታ ቤቱ መስኮት በላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች። መድኃኔ ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋው ሆኖ «እሺ፣ ጻፍኩት» የሚላት በዚያ መስኮት ነበር።

ማንም አልመለሰም።

ተክላይ ስባሪውን አንስቶ በጣቶቹ መሃል ፈረፈረው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ይድገሙልኝ፤ እኔ ልጻፈው። ሰኞ ኮሚቴው ፊት አብረን እንቀርባለን።»

ዓለምጸሃይ ፊቷን መድኃኔ ወደተቀበረበት ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ቀዩን ላስቲክ እንደገና አጠፈችና፣ ከአንድ ጀምራ መቁጠር ቀጠለች።