የፍልውሃው ፅንስ

የእንጦጦን ብርድ ያልቀመሰ ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ያኔ እላይ ሰፈር የተወረወረ ስድብ ጆሮ ሳይደርስ በረዶ ሆኖ ይወድቅ ነበር፤ ተሰዳቢው ለቅሞ እሳት ዳር ካላሟሟው በቀር ምን እንደተባለ አያውቅም። ስለዚህ የአንድ ትልቅ ጌታ ቤት ፈታዮች «ወይዘሮዋን አጅባችሁ ፍልውሃ ውረዱ» ሲባሉ ጥጡንም እንዝርቱንም ጥለው ተነሡ።

ከፈታዮቹ አንዷ የማርያምወርቅ ነበረች፤ ሃያን ያለፈች፣ ለዓለሙ የታጨች። ዓለሙ በኅዳር ወደ ሐረር ሲዘምት «በደኅና እስኪመለስልኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል አልቀምስም፤ ከጠለቀችም ቆሎና ውሃ ብቻ» ብላ ለእመቤታችን ተስላ ነበር። ሌላው ሰው በፍስኩ ሥጋውንና ቅቤውን ሲል እሷ ሽምብራ ትቆረጥማለች።

ፍልውሃው ጋ መጀመሪያ ወይዘሮዋ ታጠቡ። ቀጥሎ ጋሻ ጃግሬዎቹ ገብተው እንደ ጉማሬ ሲንቦጫረቁ ቆዩ። እነሱ ሲወጡ ፈታዮቹ እዚያው ጉድጓድ ተዘፈዘፉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም።

በወሩ የየማርያምወርቅ የወር አበባ ብልጭ ብሎ ጠፋ። በሚቀጥለው ጭራሽ ቀረ። ድሮም ቀጠሮ አክባሪ አልነበረምና ነገሬ አላለችውም፤ ኢፍቱ እስክትናገር ድረስ። ኢፍቱ አብራት የምትፈትል ባልንጀራዋ ናት፤ ምላሷ ከእንዝርቷ ይፈጥናል።

«አንቺ፣ ጨርቅ ስታጥቢ ካየሁሽ ሰነበትሁ። የጋሻ ጃግሬዎቹ ውሃ ሠራልሽ እንዴ?»

«ሂጂ ወዲያ! በውሃ ደግሞ ይፀነሳል?»

«አይፀነስም? የጉለሌዋ ሴትዮ ፈረስ በጠጣበት ገንዳ ታጥባ ጋማ ያለው ልጅ አልወለደችም? ጋማውን የጎነጎነችለት የኔው አክስት ናት!»

«ያለ ወንድ?»

«ዶሮ ያለ አውራ ትጥል የለ እንዴ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የማርያምወርቅም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዶሮዋ ልቧ ውስጥ ቀረች። እውነት ነዋ፤ ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች። በገዛ ዓይኗ አይታለች።

ሁዳዴ ገባ። ሆዷ በሽምብራው ተነፍቶ መቀነቷ አልደርስ አላት፤ ጠዋት ስትነሣ ዓይኗ ይጨልማል፣ ያጥወለውላታል። እርጉዝ ላይ የሚታየው ሁሉ ታየባት። «ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» ብላ ከቆሎዋ ቀነሰች። በቀነሰች ቁጥር ደሙ ይብስ ራቀ፤ በራቀ ቁጥር ደግሞ ትቀንሳለች።

ለማን ትንገር? «ከወንድ ነው» ብትል ውሸት ነው፤ ዓለሙም ይተዋታል፣ አባቷም ደጁን ይዘጋባታል። «ያለ ወንድ ነው» ብትል ይብሳል። ያለ ወንድ የፀነሰች በዓለም አንዲት ናት። «ራሷን ከእመቤታችን እኩል አደረገች» ብለው በድንጋይ ይወግሯታል። ውሸቱ ገደል፣ እውነቱም ገደል።

«ሠራዊቱ መንገድ ላይ ነው፣ ዓለሙም ደኅና ነው» የሚል መልእክተኛ የገባ ለት ፈታዮቹ እልል አሉ። እሷ ጓሮ ወጥታ አስመለሳት።

በማግሥቱ ኮሶ ወቀጠች፤ ሰው ለትል ከሚጠጣው እጅግ አብዝታ። በቅል በጥብጣ ይዛ ወደ ቀበና ወንዝ ወረደች። ፅንሱን ካወጣው ያውጣው፣ እሷንም ከወሰዳት ይውሰዳት ብላ ቆርጣለች።

ቅሉን ወደ አፏ ስታስጠጋ ከማዶ ከብቶቿን ውሃ የምታጠጣ አሮጊት አየቻት። ጂቱ ትባላለች፤ የዚያው የቀበና ኦሮሞ ናት፤ የአካባቢውን ሕፃን ሁሉ ያዋለደች።

«ኢንተላ ኮ!» ብላ ጮኸች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ዝሆን ነው እንዴ ሆድሽ ውስጥ ያለው? ይህን ሁሉ ኮሶ!»

ውሃውን ተሻግራ ቅሉን ነጠቀቻት።

«ይተዉኝ እማማ! እርጉዝ ነኝ።»

«ከማን?»

«ከውሃ።»

ጂቱ ቅሉን ወንዙ ላይ ደፋችው። «ወንድ አውቀሻል?»

«በማርያም! እጄን እንኳ የነካኝ የለም።»

እያለቀሰች ሁሉን ነገረቻት፤ ፍልውሃውን፣ ጋሻ ጃግሬዎቹን፣ ዶሮዋን፣ የዓለሙን መምጣት።

«ያ ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል ጫጩት ሆኖ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታቅፈዋለች፣ ይገማል፣ አለቀ። የፈላ ውሃም ባቄላ ይቀቅላል እንጂ ልጅ አይሠራም። እስቲ ምን ትበያለሽ?»

«ቆሎ። ማታ ማታ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከኅዳር።»

ጂቱ ክንዷን ያዘችው፤ ጣቶቿ ዙሪያውን ገጠሙ። «ላሜም በድርቅ ጊዜ ኮርማ አትፈልግም። የሚፈስ ደም ከየት ይምጣ? ሆድሽ ውስጥ ያለው ረኃብ ነው።»

ጎጆዋ ወስዳ ወተት በዋንጫ ሰጠቻት።

«ጾም ነው እኮ!»

«ጾሙ የእናንተ ነው። እኔ አልጾምም፤ ላሜም አትጾምም።»

«ስለቴስ? ዓለሙ ቢሞትብኝ?»

«እሱማ እየመጣ ነው። የምትሞቺው አንቺ ነሽ።»

የማርያምወርቅ ዋንጫውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው፤ እንባዋም አብሮ ገባ።

ተረት ቢሆን ኖሮ ደሟ እዚያው ይወርድ ነበር። አልወረደም። ውሃ መቅዳት እያመካኘች በየቀኑ ጂቱ ዘንድ ወረደች፣ ወተቱን ጠጣች፣ ወጣች፤ ምንም የለም። አሁን ጭንቁ እጥፍ ሆነ፦ ጂቱ ተሳስታ ከሆነ ስሟም ጠፋ፣ ነፍሷም ጠፋ። ዓለሙ ገባ። ሽማግሌዎች ሠርጉን ለዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ቆረጡ። እሱ «ከሳሽብኝ» ሲላት እሷ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ትደርባለች።

የሆሣዕና ዋዜማ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ከአንድ ጽድ ሥር ታፋዋ ረጠበ። ሸክሟን ጥላ አየች፤ ደም ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት አለቀሰች።

በሆሣዕና ጠዋት ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ወደ ማርያም ሲገባ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ቆመች። የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ኢየሱስ በበሩ ሲያልፉ አዩዋት።

«ልጄ፣ በዚህ ቀን ደጅ?»

«አልነጻሁም አባቴ» አለች፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ። አባ በዘመናቸው እንዲህ ፈክታ «አልነጻሁም» ያለች ሴት አላጋጠማቸውም። ገና ሲገረሙ «ደግሞም በሁዳዴ ወተት ጠጥቻለሁ» አለቻቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያስ በዓለ ኀምሳ እንዳለቀ ሱባኤ ትገቢያለሽ። ቆሎና ውሃ ብቻ…»

እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ስግደት ይስጡኝ አባቴ! ወገቤ እስኪቆረጥ እሰግዳለሁ። ድንጋይ ያሸክሙኝ፣ እንጦጦን በጉልበቴ ልውጣው። ቆሎውን ግን ለማርያም ብለው ይተዉልኝ!»