የስድስት ወር ጽዳት

ከፍያለው ጡረታ ሊወጣ አሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው ወረዳው በጀት ጎደለው። መጉደሉስ አዲስ አይደለም፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይጎድለዋል። ዘንድሮ ግን ከላይ የመጣው ደብዳቤ ቁርጥ ያለ ነበር። ገቢና ወጪው እኩል ያልሆነ በጀት ለምክር ቤት አይቀርብም፤ ተጨማሪ ድጎማም አይጠበቅ። ጉድለቱ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎቹ በዋና አስተዳዳሪዋ በወይዘሮ መነን ቢሮ ተሰበሰቡና ከየት እንደሚቀነስ ሊነጋገሩ በሩን ዘጉ።

የበጀት ባለሙያው ከፍያለው በየቀኑ ከዲላ በሚኒባስ እየተመላለሰ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሃያ ስድስት በጀት አሳልፏል። ቁጠባን የሚጠላ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ሁሉም ይቆጠብ ይላል፤ የሚቆጠበው ግን ሁልጊዜ የጎረቤቱ ነው።

መጀመሪያ የተነሣው ነዳጅ ነበር።

«የትምህርት ጽሕፈት ቤት መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ ገበያ ሄዶ ማንን ነው የሚያስተምረው?» አለ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ገብረኪዳን።

«ያንተስ ሞተር ሳይክል?» አለ የትምህርቱ ታረቀኝ። «ባለፈው ሣር ተጭኖበት አይቼዋለሁ።»

«ለምንጭ ግንባታ የወጣ ነው።»

«ምንጩ ሣር ይበላል?»

ሳቁ ሲበርድ ከሁለቱም ነዳጅ ተቆረጠ። ቀጥሎ የከፍያለው ረዳት ናፍቆት ከዝርዝሩ አንድ መስመር አነበበች፤ «የወጪ ቅነሳ ዘዴዎች ሥልጠና፣ ሐዋሳ፣ አምስት ቀን፣ ሠላሳ ሁለት ሰው፣ ውሎ አበልና ትራንስፖርት ጨምሮ ስድስት መቶ አሥር ሺህ ብር።»

ማንም ቀና አላለም። አንዳንዱ ለሚስቱ ከሐዋሳ ዓሣ ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶ ነበር።

«ወጪን ለመቀነስም እኮ ወጪ ያስፈልጋል» አለ ገብረኪዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እዚሁ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን እየሠለጠንን አይደል?» አለች ወይዘሮ መነን። «ሰርዢው፣ ናፍቆት።»

እንዲህ እየተባለ፣ እየተጎተተ፣ እየተኮረፈ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጉድለቱ ስድሳ አራት ሺህ ብር ብቻ ቀረው። ትልልቁ ሁሉ አልቆ ሁሉም ሰው ሲደክም፣ ናፍቆት ሌላ ወረቀት አወጣች።

ናፍቆት ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወረዳው ውስጥ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራውን ያስተማራት ከፍያለው ነው፤ ወንበሩንም የምትረከበው እሷ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ሰው አትጠይቂ፤ ወረቀት ጠይቂ። ሰው ያለቅስብሻል፤ ወረቀት አያለቅስም» ብሏት ነበር። ቃሉን ይዛ ወረቀቱን ጠይቃለች።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለች። «ከወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ የጽዳት ሠራተኛ አለው። ስሙ ተሾመ፤ ደመወዙ በወር አራት ሺህ ብር ነው። የቀበሌው ቢሮ ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉም አፈር ነው። ፎቶውን አይቻለሁ።»

«አፈሩን ይጠርገዋላ» አለ ታረቀኝ።

«እሺ ይጥረገው። ግን የሚሠራው ስድስት ወር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ሌላውን ስድስት ወር አይቆሽሽም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ገብረኪዳን ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይሄስ ወቅት እየጠበቀ የሚያብብ ጽዳት ነው» አለ። ወይዘሮ መነንም ሳቀች። «ይሰረዝ። ሃያ አራት ሺህ። ቀሪውን አርባ ሺህ ነገ እንፈልጋለን።» ተቃዋሚ አልነበረም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያ መስመር ዘመድ የለውም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ያ ሰው እስክሪብቶውን ከፍቶ ይዘጋል።

ሲወጡ ናፍቆት ደረጃው ላይ ደረሰችበት። «ጋሼ፣ ዝም አሉ። አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም። ወረቀቱን ደህና አድርገሽ ነው የጠየቅሽው።»

ወደ ዲላ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ያንን ወንዝ አሰበ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ የዚያን ቀበሌ ሒሳብ ሊያይ በእግሩ ወርዶ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ። የመሻገሪያው የመጀመሪያ ድንጋይ ላይ እንደቆመ ከማዶ እንሰት ከሚኮተኩት ሰው ኃይለኛ ፉጨት መጣ። ሰውየው እጁን እያወናጨፈ፣ «ተመለስ!» ይላል። ከፍያለው እየተናደደ ተመለሰ። ንዴቱ ሳይበርድለት ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ የቆመበትን ድንጋይ ውጦ አለፈ። ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቦ ኖሯል።

ሰውየው ተሾመ ነበር። ውሃው ድንጋይ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ሲወፍር ያውቃል፤ ቅጠል ሲበዛበት ያውቃል። በዝናብ ወቅት ጠዋትና ማታ ከሥራው እየተነሣ የቀበሌውን ልጆች ትምህርት ቤት ያሻግር ነበር፤ ማንም ሳይከፍለው። በዚያ ዓመት ግን እንሰቱን አረም ስለበላበት ሊተወው ነበር። እሱ ከተወው ደግሞ ወላጆቹ ዝናብ እስኪያባራ ልጆቻቸውን ቤት ሊያስቀሩ ነው። ከፍያለው ለወንዝ ጠባቂ በጀት ይያዝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ሦስቴም የመጣው መልስ አንድ ነበር፤ «እንዲህ ያለ የሒሳብ መደብ የለም።» ለጽዳት ግን መደብ አለው። በአራተኛው ጊዜ ከፍያለው መጻፉን ትቶ ተሾመን የጽዳት ሠራተኛ አደረገው።

ከሚኒባሱ ወርዶ ባጃጅ ይዞ ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ኤልቤቴል እራት አቅርባ ነበር። ሁሉንም ነገራት።

«አሥራ ስምንት ቀን!» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት የቻለ አፍ አሥራ ስምንት ቀን መዘጋት ያቅተዋል? በሐሰት መደብ ደመወዝ ከፈልኩ ብለህ ተናገርና ክሊራንሱን ይከልክሉህ። ጡረታህን ማን ሊያስከብርልህ ነው?»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነቴን እንደሆነ አውቃለሁ። ብላ።»

በላ። እሷ ግን እጇን ሰብስባ ቆየች። «ያ ተሾመ የምትለው፣ ያኔ ከወንዙ ያወጣህ ሰው ነው?»

«አላወጣኝም። እንዳልገባ ነው ያደረገኝ።»

«እሱማ ይበልጣል» አለች። «ያወጣህ ቢሆን ኖሮ አገር ሁሉ ያውቅለት ነበር።» ወጥ ጨመረችለት። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ እንግዲህ? ለነገ ከሰማያዊው ሌላ የታጠበ ሸሚዝ የለህም፤ እሱን ልበስ።»

በማግስቱ ስብሰባው ሲከፈት ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶ እጁን አወጣ።

«ትናንት የተሰረዘው የጽዳት ሠራተኛ ጽዳት ሠራተኛ አይደለም» አለ። «ወንዝ ጠባቂ ነው። በዚያ መደብ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ አሳጥሮ ነገራቸው፤ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎች። ናፍቆት ወረቀቷን እያየች ጆሮዋ ቀላ።

ወይዘሮ መነን ወደ እሱ ዞረች። «ስለዚህ አቶ ከፍያለው፣ ያ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተጠረገም?»

«አልተጠረገም። ልጅ ግን አልተወሰደም።»

ወይዘሮ መነን፣ «ማብራሪያ በጽሑፍ ያቀርባሉ። ጥፋት ጥፋት ነው፤ አላልፈውም» አለች። «መስመሩ ግን ይመለስ፤ በራሱ ስም። መደብ ከሌለው ኮንትራት ሠራተኛ በሚለው ገብቶ ሥራው በግልጽ ይጻፍ።» ከዚያ ዓይኗን በጠረጴዛው ዙሪያ አዞረች። «ሌላስ እንዲህ ያጸዳ አለ? አሁን ይናገር፤ ኋላ ናፍቆት ብታገኘው እኔ የለሁበትም።»

የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሀዊ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የማተሚያ ቀለም ብለን የያዝነው ዘጠኝ ሺህ ብር አለ። እሱ… በቅሎ ናት። መንገድ ወደሌለበት ቀበሌ ክትባት የምትጭን በቅሎ። የመኖዋ ነው።»

«ይቺስ ቀለም ትበላለች» አለ ገብረኪዳን።

«ከምንጭህ ጋር አብራ ትጋጥ» አለው ታረቀኝ።

በቅሎዋም በስሟ ተጻፈች። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ጉድለቱ ተመልሶ ስድሳ አራት ሺህ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። ያን ጊዜ ናፍቆት ፊቷ ያለውን ጠርሙስ በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ለካቢኔ ስብሰባ የታሸገ ውሃ፣ በዓመት ሠላሳ አንድ ሺህ ብር።»

«ይሰረዝ» ተባለ ከየአቅጣጫው። በዚህ ምንጭ በየጓሮው በሚፈልቅበት አገር ውሃ መግዛት ሁሉንም አሳፈራቸው። አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ።

«ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለ ገብረኪዳን። «ቧንቧው እኮ… ማለቴ፣ መሥመሩ ላይ ትንሽ ሥራ ይቀረናል።»

«የራስህን ውሃ አትጠጣም?» አለች ወይዘሮ መነን።

«እጠጣለሁ! አፍልቼ።»

ታረቀኝ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ወይዘሮ መነን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ከሐምሌ ጀምሮ ከቧንቧህ እንጠጣለን። ያመመን እንደሆነ ሀዊ አለች» አለችና ውሃው ተሰረዘ። ሠላሳ ሦስት ሺህ ቀረ።

ከፍያለው ዝርዝሩን ከናፍቆት ፊት ሳብ አደረገና አንድ መስመር ላይ ጣቱን አኖረ። «ይሄም አለ። ሠላሳ አምስት ሺህ።»

ናፍቆት አየችው። መስመሩ፣ «የጡረታ ሽኝት ምሳና ስጦታ» ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው።»

«ለዚህ ነው ማንንም ሳልጠይቅ የምሰርዘው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የራሱን መስመር ሲሰርዝ ያየሁት ሰው የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ልየው።»

ተከራከሩት፤ ገብረኪዳን፣ «የምሳውን በግ እንኳ አትንካው፣ ስጦታው ይቅር» አለ። ከፍያለው ግን በእስክሪብቶው አስምሮበት ነበር። ሁለት ሺህ ብር ተረፈ። በሃያ ስድስት ዓመት ተርፎ ስለማያውቅ ምን እንደሚደረግ ለጥቂት ጊዜ ጠፋቸው። በኋላ ናፍቆት፣ «ወንዝ ጠባቂው ቦት ጫማ አለው?» ብላ ጠየቀች።

ማብራሪያው ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተጽፎ የከፍያለው ክሊራንስ ሦስት ሳምንት ዘገየ። ኤልቤቴል በየማለዳው «አላልኩህም?» ትለው ነበር፤ ቁርሱን ግን ከወትሮው አሳምራ ታቀርብለት ጀመር።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ፣ ጡረተኛው ከፍያለው ወደ ወንዙ ወረደ። የሚታይ ደመና የለም። ዳርቻው ላይ ከትምህርት ቤት ወደ ማዶ የሚመለሱ፣ ደብተራቸውን በላስቲክ የጠቀለሉ አሥራ አምስት ያህል ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ተሾመ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ውሃውን ያዳምጣል። ዘወር ሳይል፣ «ቁጭ በል» አለ። ተሾመ በአማርኛ ሲናገር አንተና አንቱ አይለይም።

ከፍያለው ከልጆቹ መጨረሻ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው መጣ፤ እንደ ድሮው ቡናማ፣ እንደ ድሮው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ። ተሾመ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠና በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ከነጎመኑ ከፍቶ ግማሹን ሰጠው። ጎመኑ ገና ትኩስ ነበር።

«ደብዳቤ መጣ» አለ ተሾመ እያኘከ። «‹ወንዝ ጠባቂ› ይላል። ጥሩ ነው። ግን ጠዋት ፈርም፣ ማታ ፈርም ይላል። መፈረሚያው ቀበሌ ነው። ቀበሌው ማዶ ነው። እኔ ልፈርም ስሻገር ልጆቹን ማን ይጠብቃል? ጽዳት ሆኜ ይሻል ነበር። ጽዳት ፈርም አይሉም።»

ከፍያለው ቆጮውን እንደጎረሰ ሳቁ አነቀው፤ ልጆቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውት ሳቁ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ አንዲት ልጅ ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ ሰጠችው። የመፈረሚያው መዝገብ በወንዙ ዳር ይቀመጥ ዘንድ ለናፍቆት በጉልበቱ ላይ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ተሾመ ተነሣ፣ አዳመጠ፣ ፊሽካውን ነፋ።

«ትንንሾች መጀመሪያ» አለ። «አንተ መጨረሻ።»