ለጥየቃ የመጡት

ልጄ አሽረፍ የአንድ የሙዚቃ ባንድ የድምፅ ባለሙያ ነው። ባንዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ኮንሰርት ያቀርባል፤ እሱም ከስፒከሩና ከገመዱ ጋር አብሮ ይዞራል። ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ደርሶ ተመልሷል። በሄደ ቁጥር የሚታየኝ የተገለበጠ መኪና ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረበት።

ባሕር ዳር በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ እዚህ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ያለችው ሱቄ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሳሙና እየገዙ ያወራሉ። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ሰው አግተው ይወስዳሉ አሉ። አሽረፍ በማግስቱ ጎንደር ሊሄድ ነው። ወዲያው ደወልኩለት።

«እማ፣ ብቻችንን አይደለንም። ሁለት መኪና ነን፤ አጃቢም አለን» አለኝ።

«አንተ ቅር።»

«እኔ ቀርቼ ማይኩን ማን ያስተካክል፣ አንቺ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሱቁን ዘግቼ ቤት ገባሁና ለልጄ ለኡመይማ፣ «ደውይለት። እማ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ሆስፒታል ገባች በይው» አልኳት።

«ሲደርስበትስ?»

«ይሰድበኛል። ለመሳደብም በሕይወት መኖር አለበት።»

ትኩር ብላ አየችኝና ደወለች። እየዋሸችው አለቀሰች፤ እሱ ለእኔ ያለቀሰች መሰለው።

የአውሮፕላን ቦታ ጠይቆ አጣ። ጎህ ሲቀድ ብቻውን በሚኒባስ ተነሣ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከደብረ ማርቆስ ደወለ። ኡመይማ ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ።

«ነቅታለች?» አለ።

«ተኝታለች።»

«ስትነቃ እየመጣ ነው በያት። ምንም እንዳትፈራ በያት።»

አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ደህና ነኝ፣ ተመለስ ማለት እችል ነበር። መንገዱን አጋምሶታል ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። መሸ፣ አልመጣም። ኡመይማ «ውሸት መሆኑን ነቅቶበት ይሆናል። ተናዶ ወደ ጓደኞቹ ተመልሷል» አለች። እኔም እንደዚያ ቢሆን ስለምመኝ አመንኳት። የባንዱ መሪ የመዝገቡ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ደጋግሜ አውጥቼ አየሁት። ብደውል «ተሻለዎት ወይ?» ይለኛል። ምን ልለው ነው? በዚህ ሁኔታ ሁለት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠብኩ ሳለ መዝገቡና ድራም መቺው ለሜሳ ከተፍ አሉ። ሕመምተኛ ሊጠይቁ ነው፤ ብርቱካንና ጁስ ይዘዋል።

«ማዘር፣ ከሆስፒታል ወጥተው ብርድ ልብስ? ያ ሰነፍ ምን ይሠራል ታዲያ?» አለ መዝገቡ።

ለሜሳ ወደ ቤቱ አንገቱን አስግጎ ተጣራ። «አንተ አስታማሚ፣ ስልክህን ጠርቅመህ የጠፋኸው ምን አድርገንህ ነው? ና ውጣ።»

ብርድ ልብሱ ከእጄ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። «ከእናንተ ጋር አይደለም?» አልኩ።

ሁለቱም ተያዩ። «ኮንሰርቱ ተሰርዞ እኛ ትናንት በአውሮፕላን ገባን» አለ መዝገቡ። «እሱን መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ።» ትንሽ አሰበና፣ «የትኛው ሆስፒታል ነበር የተኙት? ምናልባት ቀጥታ እዚያ ሄዶ…» አለ።

«የትም አልተኛሁም። አልታመምኩም።»

ኡመይማ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ለሜሳ የጁሱን እሽግ መሬት ላይ አስቀመጠው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። መዝገቡ ብቻ «ነጠላዎን ይልበሱ፣ እንሂድ» አለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪው ከጓደኞቹ ለምን ተለይቶ እንደመጣ ጠየቀ። መዝገቡ ቀደመኝ፤ «እናቱ ታማ ነው» አለ። መርማሪው ጻፈና ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«እናቱ ነኝ። ደህና ነበርኩ። ዋሽቼ ነው የጠራሁት።»

የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ጻፈ። «ለመጨረሻ ጊዜ ከደወለ ስንት ቀኑ ነው?»

«ዛሬ ሦስተኛው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አላመለከቱም?»

መዝገቡም አየኝ።

«አፍሬ ነው» አልኩት። ያንንም ጻፈው።