የጨለማው ፎቶ

ሌንሱ ክዳኑ እንደተገጠመበት በተነሳው ፎቶ ላይ እትዬ ስንዱ ቆመው ይታያሉ።

ኅሩይ ፎቶውን አጉልቶ አየ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል፤ የሹራባቸው ሁለተኛ ቁልፍ ተፈቷል። ዞር አለ። የጣቢያው ኃላፊ እትዬ ስንዱ ከበስተኋላው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆመዋል። ቁልፉም ተፈቷል።

ከጣቢያው በሚተኮሰው ሮኬት ላይ የተገጠመውን ካሜራ የነደፈው እሱ ነው። ሮኬቱ በዋልታው ሰማይ ላይ እንደ አረንጓዴ መጋረጃ የሚዘረጋውን የሰሜን ብርሃን ሰንጥቆ ይወጣና ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ባሕር ላይ ይወድቃል፤ በዚያች ፋታ ካሜራው አረንጓዴውን መጋረጃ ከውስጡ ሆኖ ያነሳዋል። ካሜራ ግን የራሱ ጉድፍ አያጣም። ስለዚህ ሮኬቱ ከመተኮሱ በፊት ሌንሱ እንደተከደነ አንድ ፎቶ ይነሳል። ጥቁር መሆን አለበት፤ ነጠብጣብ ቢታይበት የካሜራው ጉድፍ ነው። ይህ የጨለማ ፎቶ ከሰማዩ ፎቶ ላይ ይቀነስና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። ኅሩይ በገዛ እጁ ስለማይተማመን ቅነሳውን ሮኬቱ ራሱ እየበረረ እንዲሠራው አድርጎ ነበር።

ትናንት በሙከራ ላይ በጨለማው ፎቶ ወንበር ታየ። ሲቀነስ ወንበሩ ከክፍሉ ጠፋ። ስህተቱ የራሱ መስሎት ደገመው፤ ማሞቂያው ሄደ። ሦስተኛው ላይ የጣቢያው ውሻ ሄደ፤ አንገትጌው ከነገመዱ በረዶው ላይ ቀረ። ኅሩይ ማስታወሻው ላይ «እንደገና ይጣራ» ብሎ ጻፈ እንጂ ለማንም አልተናገረም።

አሁን ለመተኮስ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሁሉንም ነገራቸው።

«ውሻውም?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ውሻውም።»

«ስንቴ አጣራህ?»

«ሦስቴ።»

«አንተ ከሆንክማ ዘጠኝ ነው።» ፎቷቸውን ጎንበስ ብለው አዩት። «ከስቻለሁ።»

ይሰረዝ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ግን ብርሃኑ ልክ ከጣቢያው አናት ላይ እንዲቆም ሦስት ክረምት ጠብቀዋል፤ ዛሬ ቆሟል። ሌላ የጨለማ ፎቶ አንሳና በእኔ ፎቶ ቦታ ተካው አሉት።

«ሌላ ሰው ቢወጣበትስ?»

«ያኔ እንሰርዘዋለን።»

ኅሩይ ክዳኑን በጥቁር ጨርቅ ጠቀለለው፤ ሮኬቱ ያለበትን መጋዘን መብራት አስጠፋ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ በዚያ አገር ግን በታኅሣሥ ፀሐይ አትወጣም፤ ውጭውም ድቅድቅ ነው። አዲሱን ፎቶ አነሳ። ሰው የለበትም። ዕቃ የለበትም። አንዲት ነጠብጣብ እንኳ የለችበትም። እንዲህ ያለ ጥቁር አይቶ አያውቅም። ሦስቴ ተመለከተው፤ ከጨለማ በቀር ምንም አልነበረበትም።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ስንዱ። «በል ላከው።»

ሮኬቱ ወጣ። በሦስተኛው ደቂቃ «ቅነሳው ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ኅሩይ ወዲያው ዞሮ እትዬ ስንዱን ትከሻቸውን ያዛቸው። አልጠፉም። ስለ ድፍረቱ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ጥላ እንደሌለ አየ። መሳቢያው ተዘግቶ ሳለ ውስጡ ያሉት ብሎኖች ይቆጠራሉ። በመስኮቱ ማዶ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ በረዶው እስከ አድማስ ድረስ ወለል ብሏል።

«ኅሩይ» አሉት ቀስ ብለው። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ።»

«አዎ፣ ጨፍነዋል።»

«ትታየኛለህ።»

እሱም ዓይኑን ጨፈነ፤ መዳፎቹንም ከላይ ደረበባቸው። በመዳፎቹ ውስጥ አያቸው፤ የተጨፈኑ ዓይኖቻቸውን ወደ እሱ አቅንተው፣ እንባቸው ሲወርድ።