የብቸኛው ወፍ ዝርያ

ባዮሎጂስቱን ባልደረቦቹ «ወፍ ሲቆጥር ትዳር ያመለጠው» እያሉ ያሙታል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ቤቱ ገብቶ የሚያናግረው ሰው የለም። የሚያናግረው ፍጡር ያለው ከቤተ ሙከራው ጓሮ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ ነው።

ጫካው ሲመነጠር ከወደቀ ዛፍ ሥር፣ ላባ ሳያበቅል አንስቶ ያሳደገው ወንድ ወፍ ነው። ከወገኖቹ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ የሚመስሉት ወፎች ሞልተዋል፤ ደረታቸው ብቻ ደመቅ ይላል። አሁን ባዮሎጂስቱን የቸገረው፣ የማዶዎቹ ዘመዶቹ ናቸው ወይስ ባዕድ የሚለው ነው። የደም ምርመራው አልለየለትም፤ የቀረው ድምፅ ነው። ወፉ የማዶዋን ሴት ወፍ ድምፅ ሰምቶ ከመለሰ አንድ ዝርያ ናቸው፤ እሱ ንዑስ ዝርያ ይባልና ሚስት ትመጣለታለች። ዝም ካለ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፤ አለቃው ለሆነችው ወጣት ዶክተር ትልቅ ግኝት፣ ለወፉ ግን ብቻውን ማርጀት።

ጠዋት ዶክተሯ የማዶዋ ወፍ ድምፅ የተቀዳበትን ማጫወቻ ከፈተችው። ባዮሎጂስቱ ሽቦው አጠገብ ቆመ። መልስ የኔ ጌታ፣ እባክህ መልስ ይላል በሆዱ። ወፉ ግን ላባውን ያበጥራል እንጂ ጉዳዬም አላለ። ደገሙት፤ ዝም ጭጭ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! አዲስ ዝርያ ነው» አለችና ስልኳን ይዛ ወጣች።

ሆድ ባሰው። ሲከፋው እንደሚያደርገው፣ ሳያስበው፣ የውሃውን ሳህን እያጠበ አፏጨ። ወፉ ተወርውሮ ሽቦው ላይ ተለጠፈ፤ ደረቱን ነፍቶ ያችኑ ፉጨት ከነመንቀጥቀጧ መለሰለት።

ያኔ ነገሩ ገባው። ወፉ ጫጩት ሳለ፣ ባዮሎጂስቱ የቤቱ ዝምታ ሲከብደው ያፏጭለት ነበር። ወገን ማለት ለወፉ ይህ ሽማግሌ ሆኖ ቀርቷል። ሙከራው ከንቱ ነበር። ወፉን ከዘመዶቹ የለየው ወንዙ ይሁን የሽማግሌው ብቸኝነት፣ ማን ሊያውቅ?

ዶክተሯን ጠርቶ ነገራት። ፊቷ ጠቆረ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«የማዶዎቹን ድምፅ እየሰማ ይክረም፤ ምናልባት ይለምደው ይሆናል። እኔ ግን አፌን መዝጋት አለብኝ።»

ማጫወቻውን ከፍቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወፉ የማዶዋን ድምፅ ትቶ ወደ እሱ ዞረ። አፏጨ፤ ጠበቀ። ደግሞ አፏጨ። ሽማግሌው ከስንት ዘመን በኋላ የሚጠራው አግኝቶ፣ አቤት እንዳይል ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬቱን ያያል።