አራተኛው ብልሽት

ሠላሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሸሚዝ ሰፊ ነበርኩ። ሙሉ ሸሚዝ እንኳ አይደለም፤ ኮሌታ ብቻ። የኮሌታ ባለሙያ ሴቭዳ! ፋብሪካው ሲዘጋ የኮሌታ ባለሙያ ለምን እንደምትጠቅም እስቲ ንገሩኝ። ለምንም። እኛ መንደር ሥራ ያጣች ሴት መንገዷ አንድ ነው፤ እሑድ ጠዋት በሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፍራ ጀርመን ትገባለች፣ የሰው አሮጊት ታጥባለች፣ የሰው አሮጊት ታጎርሳለች፣ የራሷን ልጅ በስልክ ታሳድጋለች። ግማሹ መንደር የፈረሰው በዚህ ነው። የኔም ባል ለሁለት ዓመት ብሎ ስፔን ሄዶ፣ እዚያው ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ። እዚህ የቀረነው እኔ፣ የአሥር ዓመቷ ልጄ ዲልያና እና የሱ እናት እማማ ጊና ነን። እናቱን ጥሎብኝ ሄደ እንዳልል ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ማን በማን ላይ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ማስታወቂያ አየሁ፤ የናፍጣ ሞተር መካኒክነት ኮርስ። የማኅበሩ መካኒክ ጋሽ ሚንቾ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ከመውጣታቸው በፊት ሰው ያሠለጥናሉ፤ የምስክር ወረቀቱን ካገኙት ውስጥ ከመንደሩ የማይነቃነቅ ሰው ጋራዡን ይረከባል። ጎረምሶቹ ሁሉ ወረቀቱን የፈለጉት ይዘው ከተማ ለመግባት ነበር። የማልነቃነቀው እኔ ብቻ ነኝ። ገብቼ ተመዘገብኩ።

እማማ ጊና ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አሉ። «የዚህ ቤት ምራት ናፍጣ ልትሸት? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ጎረቤት ጀርመን ነው ያለው እማማ፤ አይሸተውም» አልኳቸው።

ጋሽ ሚንቾ መጀመሪያ ያሳዩኝ ነገር ጀርባቸውን ነው። ክረምቱን ሙሉ እቃ አጣቢ አደረጉኝ። ቡሎን በናፍጣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መደርደር። ጣቴ ተሰነጣጠቀ፣ ፀጉሬ ናፍጣ፣ ትራሴ ናፍጣ። ቶሽኮ የሚባል አፈ ጮሌ ጎረምሳ አብሮኝ ይማር ነበር፤ ሞተር በፈታን ቁጥር፣ «እትዬ ሴቭዳ፣ የዚህ ቁልፍ ቀዳዳው የት ጋ ነው?» ይለኛል።

«አፍህ ላይ ነው፤ ጠጋ በል ልቆልፍልህ።»

ሞተሩ ግን ሳላስበው ልቤን ወሰደው። ጋሽ ሚንቾ አንድ ቀን ምን ትዝ እንዳላቸው አላውቅም፣ ከማጠቢያው አስነሥተው ጠሩኝና፣ «ስሚ፣ አንቺ ልጅ» አሉ፤ «የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ይፈልጋል፣ የሚጭርለት። ናፍጣ አይፈልግም። አየሩን ትጨቁኚዋለሽ፣ ትጨቁኚዋለሽ፣ ሲግል ናፍጣው ራሱ ይነዳል።»

«እንደኔ ነዋ!» አልኳቸው። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጅሙን ካቻቢቴ ሰጥተውኝ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማዳመጥ አስተማሩኝ። እኔም አሥራ ሰባት ዓመት የስፌት መኪና ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የታመመ ነገር ድምፁ አይጠፋኝም።

ፈተናው የደረሰው ስንዴው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አጨዳው ሊገባ ሲል ነው። ልማዱ እንዲህ ነው፤ አሠልጣኙ ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ደህናውን ትራክተር ሆን ብሎ ያበላሻል። ምን እንዳበላሸ ለፈታኙ በጆሮው ይነግራል እንጂ ሌላ ሰው አያውቅም። ተፈታኝ ብልሽቱን ፈልጎ ያገኛል፣ ያስተካክላል፣ ሞተሩም ተነሥቶ ሳይቆራረጥ መሥራት አለበት። ሞተሩ ካልተነሣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የወደቀ በመስከረም ይደግማል። ለጎረምሶቹ መስከረም ምንም አይደለም። ለኔ ግን አጨዳው መካኒክ አይጠብቅም፤ ማኅበሩ ከከተማ ሌላ ሰው ያመጣል፣ ጋራዡም በዚያው ይቀራል። በእጄ ያለው ገንዘብ ደግሞ መስከረምን አያደርሰንም። ስለዚህ አውቶቡሱ ላይ መቀመጫ አስይዤ ነበር። ፈተናው ዓርብ፣ አውቶቡሱ እሑድ።

ሐሙስ ማታ ለእማማ ጊና እውነቱን ነገርኳቸው። «ነገ የምፈተነው በአሮጌው ትልቅ ትራክተር ነው። ካለፍኩ አለፍኩ። ከወደቅኩ እሑድ እሄዳለሁ፤ ዲልያናን አደራ።» ተነሥተው ዶሮዎቹን ሊያዩ ወጡ። ዶሮዎቹ ከመሸ ተኝተዋል እኮ! ግድ አልሰጣቸውም አልኩና አመመኝ።

ዓርብ ጠዋት የማኅበሩ ግቢ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሠርግም እንዲህ አይሞላም። አዛውንቱ በአጥሩ ድንጋይ ላይ ተደርድረው የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቁ ይተፋሉ። እማማ ጊናም ጥቁር ሻሻቸውን አስረው መካከላቸው ተቀምጠዋል። ፈታኟ ኢንጂነር ፓናዮቶቫ ከከተማ የመጣች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ጎረምሶቹ በየተራ ተፈተኑ። ቶሽኮ እንኳ አለፈ! የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ፤ ትራክተሩም የማኅበሩ አሮጌው፣ ትልቁ።

ላስነሣው ሞከርኩ፤ ቁልፉ ሲዞር ጭጭ። የባትሪውን ሽቦ ፈታሁ፤ ከሽቦው ሥር ቀጭን ላስቲክ ሸጉጠውበታል። አወጣሁት፤ አንድ። አሁን ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሣም። አየር የሚስብበትን ቱቦ በእጄ ዳበስኩ፤ ጨርቅ ተወትፎበታል። ሁለት። የናፍጣውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ተከተልኩ፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ ማሸጊያ ቀለበቱ፣ ሮንዴላው፣ የተሰነጠቀ ነው፣ አየር ያስገባል። ቀየርኩት፤ ሦስት። አጥሩ ላይ ያሉት አጨበጨቡ። ደረቴን ነፍቼ ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩ።

ትራክተሩ ሳለ። ነጭ ጭስ ተፋ፤ ጸጥ አለ። ደገምኩት፤ ሳለ፣ ተፋ፣ ጸጥ። ቀልቤ ተገፈፈ።

ወዲያው ጋሽ ሚንቾን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀስ ብለው መጡና ጎንበስ አሉ። «ሴቭዳ፣ የኔ ሦስት ነበር። ሦስቱንም አግኝተሻል። ይሄ የኔ አይደለም።»

«እንዴት የርስዎ አይደለም? ታዲያ የማን ነው?»

«እንጃ። የናፍጣ ፖምፓው ሞቷል መሰለኝ። አርጅቷል። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ለፈታኟ እነግራታለሁ፣ በመስከረም ትደግሚያለሽ።»

መስከረም! ደሜ ፈላ። «ጋሽ ሚንቾ፣ በመስከረም እኔ የሰው አሮጊት አልጋ እያነጠፍኩ ነኝ! ትናንት ይህ ትራክተር በራሱ እግር ነው እዚህ ግቢ የገባው። ጤነኛ ፖምፓ በአንድ ሌሊት አይሞትም። ሬሳ ሳያዩ አይቅበሩብኝ!»

ሽማግሌዎቹ መፈልቀቃቸውን አቆሙ። ጋሽ ሚንቾን እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው የለም። ኢንጂነሯ ሰዓቷን አየችና፣ «እስከ ምሳ ድረስ ጊዜ አለዎት፣ ወይዘሮ ሴቭዳ» አለች።

ከትራክተሩ ጎን ተቀመጥኩ። ተቀምጬ አሰብኩ። ነጭ ጭስ ማለት ወደ ውስጥ የገባው ነገር አልነደደም ማለት ነው። የአየሩን ቱቦ ከፍቻለሁ፣ አየር ያስገባ የነበረውን መጋጠሚያ ዘግቻለሁ። ባትሪው ደህና ነው። የቀረው ምንድን ነው? ራሱ ናፍጣው! የማርማላታ ብርጭቆ ለመንኩ፤ ከናፍጣ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቼ በብርጭቆው ተቀበልኩ። ወደ ፀሐይ ከፍ አደረግኩት። ናፍጣው ከላይ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥርት ያለ ውሃ።

«ውሃ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ጤዛ የሚያጠራቅመው ጠብታ አይደለም፤ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ! የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፍቼ ማጣሪያ ወንፊቱን አወጣሁት። ወንፊቱ ላይ ቅጠል ተኝቷል። ሰፊ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ የሚሸት፤ እኛ አገር በየደጁ ለመልካም ዕድል የምንተክለው ቅጠል። ትራክተር ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ቀና ብዬ ወደ አጥሩ አየሁ። እማማ ጊና የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተውት ነበር።

አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። «እማማ!»

«አፈሰስኩለት» አሉ በሹክሹክታ።

«ለማን?»

«ለትራክተሩ።»

ሰው ለፈተና ወይም ለሙግት ሲወጣ፣ ነገሩ እንደ ውሃ ይፍሰስለት ተብሎ ቅጠል የተነከረበት ውሃ ደጃፉ ላይ ይፈስለታል። ለኔም ጠዋት አፍስሰውልኛል፤ ለሙሽራም ለወታደርም ያፈሳሉና ምንም አላልኩም።

«የምትፈተኚው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እሱም ነው» አሉ። «ደግሞ እሱ ደጃፍ የለው፣ የት ላፍስስለት? ጎህ ሳይቀድ መጣሁ፤ የግቢው ውሻ ያውቀኛል። ክዳኑን ከፍቼ አፉ ውስጥ አፈሰስኩለት።»

«ስንት?»

«የመዳቧን ገንቦ ሙሉ። ትንሽ አይበቃም ብዬ።»

ወይ አበሳዬ! ላንቃቸውም ላቅፋቸውም እጄ ተነሣ። እሳቸው ግን እንባቸው ቀድሞ ወረደ። «ልጄ እመጣለሁ ብሎ ሄዶ ቀረ። አንቺም ሄደሽ ልትቀሪ ነው። ናፍጣ ሽተቺ፣ ጥላሸት ሁኚ፣ ምንም ሁኚ። ብቻ እዚሁ ሁኚ፣ ልጄ።»

አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር «ልጄ» ሲሉኝ ሰምቼ አላውቅም። ቆሜ ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ ምሳ ሰዓት ግን እየደረሰ ነው። «ተቀምጠው ይዩኝ እማማ፤ የትም አልሄድም» ብያቸው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ እጄ ነው የሠራው። ታንኩን ከሥሩ ከፍቼ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፈሰስኩት። ፊልትሮውን ቀየርኩ። አዲስ ናፍጣ ሞላሁ። አየር ማስወጫዋን ቡሎን አላላሁና በእጅ የሚገፋውን ፖምፓ ገፋሁ፤ አረፋ፣ አረፋ፣ አሁንም አረፋ፣ ከዚያ አረፋ የሌለበት ናፍጣ። ጠበቅ አደረግኩት። ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ጫፋቸውን አላላሁ፤ ቶሽኮ ሳልጠራው ወጥቶ ቁልፉን አዞረልኝ። ናፍጣው በየጫፉ ፊጭ ፊጭ ሲል አንድ በአንድ አጠበቅኳቸው።

«አሁን!» አልኩት።

ሳለ። ነጭ ጭስ። ደግሞ ሳለ። ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ተኮሰና ተነሣ! መጀመሪያ አንካሳ ነበር፣ ሦስት እግር እንዳለው በሬ፤ ከዚያ አራተኛው ሲሊንደርም ገባ፣ ድምፁም ተስተካከለ። ካቻቢቴ አላስፈለገኝም፤ ጤነኛ ነው። ግቢው በጩኸት ተናወጠ፣ ባርኔጣ ተወረወረ፣ ዲልያና አጥሩን ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቶሽኮ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ፣ «እትዬ ሴቭዳ ትኑር!» ይላል። እኔም ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም።

ኢንጂነሯ ግን አልጮኸችም። ብርጭቆውን አንሥታ አየችው። «ውሃውን የጨመረው ማነው? ሰው ገብቶ ፈተና ካበላሸ እኮ ፈተናው ይሰረዛል።»

እማማ ጊና ሊነሡ ሲሉ ጋሽ ሚንቾ ቀደሟቸው። «እኔ ነኝ» አሉ።

«ሦስት ነው ያሉኝ።»

«አራተኛውን ደብቄ ነው። ለጎበዝ ተማሪ ሁልጊዜ አንድ እደብቃለሁ።»

እኚህ ሰው ስለ ሞተር ዋሽተው አያውቁም። ጆሯቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ኢንጂነሯ ወንፊቱን አየች፣ ጥቁሩን ሻሽ አየች። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ እናቷ ደጃፍ ላይ ሳታፈስላት ትምህርት ቤት አልሄደችም።

«ቅጠሉም የርስዎ ነው?»

«ቅጠሉም የኔ ነው» አሉ ጋሽ ሚንቾ፣ ፍንክች ሳይሉ።

ያ የማይፈታ ፊት ተፈታ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና ወረቀቴ ላይ «በከፍተኛ ማዕረግ» ብላ ጻፈችልኝ።

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። የመቀመጫውን ነገር ሰርዙልኝ ማለቱን በደስታ ብዛት ረስቼው ኖሯል። እኔ ግቢያችን ውስጥ የጎረቤት ኮምባይነር ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር፤ ጋራዡ እስኪከፈት ያልጠበቀ ገበሬ ገና በቅዳሜው ጎትቶ አምጥቶብኛል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደጋግሞ ነፋ። ልነሣ ስል የእማማ ጊና ነጠላ ጫማ ከፊቴ እየተጣደፈ አለፈ። በሩ ተበረገደ።

«ምን ያስጮኽሃል?» ሲሉ ሰማኋቸው፣ መንደሩ በሙሉ እንዲሰማ አድርገው።

«ሴቭዳ የምትባል ተሳፋሪ አለችኝ፣ እናቴ። ሻንጣዋን ይዛ ትውጣ።»

«እዚህ ቤት ተሳፋሪ የለም። ሴቭዳ መካኒክ ናት፣ ሥራ ላይ ናት» አሉ እማማ ጊና። «አንተም አውቶቡስህን ከደጃችን አንሣ፤ ደንበኛ መግቢያ አጣ!»